የተረፈች ብሎን

ኤክሃርት የሚባል ሰው፣ ከስዊስ የመጣ፣
ከደጄ አቆማት፤ አልጮኸ፣ አልተቆጣ፤
ኮፓዋ ተሰንጥቆ ዘይቷ ሲንጠባጠብ፣
«ለቆራሌው ስጪያት» አለና ሳያስብ፣
በአውቶብስ ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ሄደ።
ቆራሌው አልመጣም።
እኔው ቀረሁላት፤ እጄም ዘይት ለመደ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጆች ጭኜ፣
በትምህርት ቤት አውቶብስ መንኮራኩር ሆኜ፣
አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ስመላለስባት፣
መንገድ ቁጥር አርባን
ጫፏን አላየኋት።

ካንዴላዋን ፈታሁ፤ ምላስ እንደሚያይ ሐኪም
ወደ ብርሃን ያዝኩት።
ጥቁር ቢሆን ቤንዚን፣ ነጭ ቢሆን አየር በዝቶባታል ማለት ነው፤
የሷ ግን ቡኒ ነው፣
ትንባሆ እንደለመደ የሽማግሌ ጥርስ።
«ደህና ነሽ» አልኳት።

የኛ አገር ንፋስ በር መቼ አንኳኩቶ፤
ማጠፊያውን ነቅሎ ይገባል ተቆጥቶ፤
የጎረቤት ሸሚዝ ከአጥሬ ላይ ሰቅሎ፣
የኔን ይወስደዋል ለጎረቤት ብሎ።
እሱን ነው የፈራሁት። ስለዚህ ደረቷን
በጀልባ መስኮት ጋረድኩ፤ ዝቅ አደረግኩ ወንበሯን
ለማይታጠፍ ጉልበቴ፤ በበግ ቆዳ ለበጥኩት።
ሳልባትዮው ጠባብ ነው፤
ከማደያ ማደያ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር፤
ሁለት የወተት ጣሳ በየጎኗ በየድኩት።
ከሱፍ መጋዘን ቆርቆሮ ሳጥን ሠራሁ።
ሁለተኛ ክላክስ። ሦስተኛ መብራት።
ትርፍ ካላማዳሪ፣ ትርፍ ራጂ፣ የትርፉም ትርፍ።
አዲሱን የፍሪሲዮን ገመድ ካሮጌው ጎን አስተኛሁ፣
ያ ሲበጠስ ይህ እንዲነሳ፣ እንደ አልጋ ወራሽ።
ሲክስቶ፣ የእህቴ ባል፣ ማቴውን እየመጠጠ፣
«ጣሪያ ብቻ ቀራት» ብሎ ዓይኑን አፈጠጠ።
አልሳቅኩም።
ለጣሪያ የሚሆን ሸራ ነበረኝ።

በታኅሣሥ ወጣሁ፤ በጋችን ነው ያኔ፤
አርባ ኪሎ ሜትር ላይ
ጠጠሩ መካከል ጣለችኝ በጎኔ።
ንፋስ አልነበረም።
ሳር እንኳ ሳይነቃነቅ፣ በገዛ ክብደቷ ዘመመች።
በመሪዋ ያዝኳት፣ በወንበሯ ያዝኳት፣ በጀርባዬ ገፋኋት፤
እንደ ነፍሰ ጡር ላም ተኝታ አልነሳም አለች።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ግሬደር መጣ።
ዴልሚራ ካትሪሌዎ ከጋቢናው ወርዳ
ዞረቻት አንድ ጊዜ፤ ዞረቻት ሁለቴ፤
«ሞተር ናት?» አለችኝ።
«ሞተር ናት፣ እመቤቴ።»
«ቤትሽን ይዘሽ ከወጣሽ
የት ሄድኩ ትያለሽ?»

ለሁለት አነሳናት። ከዚያ መፍታት ያዝኩ።
አራት ክረምት ያጠበቅኩት ባንድ ከሰዓት በኋላ ወለቀ።
ሳጥኑ ለዴልሚራ፣ ለመፍቻዎቿ፤
መብራቱ ለግሬደሯ፤
ክላክሱን ከአጥር እንጨት አሰርኩት፣ ካሻው ንፋሱ ይንፋው።
ካላማዳሪ አንድ ይበቃል። ጣሳም አንድ።
ገመዱን አልነካሁትም፤
አልጋ ወራሽ ከመንገድ አይመለስም።

ማታ ማታ ቺያቬ ይዤ እዞራታለሁ።
ካቴናዋ ሁለት ጣት መላላት አለባት፤
ቢከር ኩሽኔታ ይበላል፣
ቢላላ ጥርስ ይዘላል።
የጎማዋን ራጂዎች በካቻቢቴ መታ መታ አደርጋለሁ፤
የጠበቀው ይዘፍናል፣
የላላው እንቅልፋም ነው፤ እሱን ሩብ ዙር አነቃዋለሁ።

በስድስተኛው ማታ ከካፖርቴ ኪስ
አንዲት ብሎን ወጣች፤
አሥር ቁጥር፣ ጥርሷ ያልተበላ።
የምን እንደሆነች አላወቅኋት።
በባትሪ ፈለግኩ ከፊቷ፣ ከኋላ፣
ከሆዷ ሥር ተኝቼ፣ ጠጠር ጀርባዬን እየወጋኝ፤
የጎደለ ቀዳዳ አጣሁ።
በመጨረሻ ባትሪውም ደከመ።

ጠዋት ባንድ ምት ተነሳች።

ይኸው ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሄድን።
ብሎኗ ቀኝ ኪሴ ውስጥ ናት፤
ንፋሱ ያልለመደውን
እሷ ታንኳኳለች፣ ቀስ ብላ፣ ከሳንቲሞቹ ጋር።
ምናልባት እስካሁን ያልወለቀውን ሁሉ
የያዘችው
እሷ ትሆናለች።