ባዶ ጭብጥ

እኛ ሉንግሌይ ላይ፣ ቤታችን በገመድ የታሰረ ይመስል
ገደል አፋፍ ቆሞ፣
ሩዝ ሳይጣድ በፊት አንድ ጭብጥ ይነሣል አስቀድሞ፤
ጧት አንድ፣ ማታም አንድ።
ለማን ይደርስ ይሆን አይባልም፤ ይሄዳል በእግዜር መንገድ።

እናቴ ዛይሚንጊ፣ ዓይኗ ከጨለመ ሰባተኛ ዓመቷ፣
የቤቱ ጆሮ ናት፤ ያ ነው ሹመቷ።
የብስኩት ቆርቆሮው፣ ሩዝ ሲወርድበት፣ ሿ ሲል ስትሰማ፣
«እሺ» ትላለች ዝግ ብላ፣ ሂሳቧ እንደ ተስማማ።

በዚያ ዓመት ግን ዝናቡ መንገዱን በላው፤
ባሌን ራንግኪማን ናዳ እግሩን ሰብሮ አልጋ ላይ ጣለው።
የጭነት መኪና ሳይመጣ ሦስት ሳምንት፣
የጆንያውን ጥግ ብጠርገው፣ ባራግፈው፣ አልሞላ አለኝ ለእራት።
ያን ማታ እጄን ሰደድሁ፣
ጨበጥሁ፣
ቆርቆሮው አፍ ላይ ፈታሁ።
አየር ነበር። ባዶ ጭብጥ ሰጠሁ።

እናቴ ጆሮዋን አዘንብላ ጠበቀች።
እሺ አላለች።
ልጄ ሮኪሚ፣ ገና ስድስት ዓመቷ፣
«እማ፣ ቆርቆሮው ታሟል?» አለች።
ከዚያ ማታ ጀምሮ እናቴ ሳህኗን ከግማሽ ትገፋለች፤
«ጠገብሁ» ትላለች።
እኔም አላፈርሁም። ማፈርም ጉልበት ይፈልጋል።

በአምስተኛው ቀን የማኅበሩ ሴቶች ጭቃ አቡክተው፣
ቆሙ፣ ጆንያ ከመቃኑ አስጠግተው።
ከአያቴ ጀምሮ የሰጠ ቤት፣ ዛሬ ሊቀበል?
«ለሌላ ውሰዱት» ልል ከንፈሬ ሲላቀቅ፣ እናቴ ቀደመች፦
«ፍቺው። ሩዝ ነው እንጂ ክስ አይደል።»

ጣቷን እስከ አንጓዋ ከጆንያው ነክራ፣
እንደ ፊደል ቆጣሪ ታነባለች በተራ፦
«ይሄ ቀዩ፣ ወፍራሙ፣ ከነዲንፑዪ ጓሮ ነው፤
ይሄ የሚጣበቀው የአስተማሪው ነው፤
ይሄ ስብርባሪው፣ ከወንፊት ሥር ያለው ጥቂት…
ከገደሉ በታች፣ የዚያች መበለት።
ሙሉ ፍሬ ገዝታ አታውቅም።»

ሮኪሚ ጠየቀች፦ «የኛስ የቱ ጋ አለ?»
ማንም አልመለሰ፤ ዝናቡ ብቻ ጣራው ላይ ቀጠለ።

ከዚያ ያቺ እጅ፣ ከእንቁላል የማትበልጥ፣
ከጆንያው ዘግና፣ ግማሹን እያንጠባጠበች ስትሮጥ፣
«ተይ! የምጽዋት ነው!» አልኋት። ከምጽዋት ላይ ምጽዋት ይወጣል?
ሿ።
«እሺ» አለች እናቴ።
ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ተንበርክኬ ለቀምሁ፤
የአምስት ቀን ዕዳዬን፣ ከነአቧራው፣ ላዩ ላይ ጨመርሁ።

እናቴን ከቀበርን አሥራ አንድ ዓመት።
ሮኪሚ ዴልሂ ናት፤ ለአራት በተከራዩት አንድ ክፍል ቤት፣
ሩዟን የምታበስል በኤሌክትሪክ ድስት።
ማታ ስትደውል ስለ ሙቀቱ ታወራኛለች፣ ስለ ደመወዟ፤
እኔ የማደምጠው ሌላ ነው፦ ውሃው ሲቀዳ፣ ክዳኑ ሲከፈት፣
ከዚያ ጆሮዬን አዘንብዬ እጠብቃለሁ።
አንዳንድ ማታ ሿ ይላል።
አንዳንድ ማታ መስመሩ ይቆረጣል ከዚያ በፊት።
አልጠይቃትም።