ነጩ ገጽ

በካስቴልፊዳርዶ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣
ዘጠኝ ኮምፒውተር፣ አሥራ አንድ ተማሪ፣
አንዲት የምታስል አሮጌ አታሚ፣ አንዲት አስተማሪ።

አስተማሪዋ እኔ ነኝ፤ ስሜ ዲሌታ ነው፤
በማዘጋጃ ቤቱ በር ማስታወቂያዬ እንዲህ የሚለው፦
«ማንም ጀማሪ ሰው፣ ኮድ ሳይጽፍ፣ ሳይፈራ፣
በስድስት ሳምንት ዌብሳይት ይሥራ!»
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የቤት ኪራይ ደርሶ ነው።
ያልጻፍኩትን ልንገር፦
የማክሰኞን ትምህርት ሰኞ ማታ ነው የማጠናው።

ናዛሬኖ መጣ፣ ሰባ አንድ ዓመቱ፣
ሰምና ሙጫ የሚሸት ጣቱ፤
አኮርዲዮን ጠጋኝ፣ አባቱም ጠጋኝ፣ የአባቱም አባት፣
ማውሷን እንደ ጫጩት እፍን አድርጎ ያዛት።
«አንድ ገጽ ይበቃኛል» አለኝ፣ «ዋጋዬን ልጻፈው፣
የሱቄን በር ፎቶ አንስቼ ልለጥፈው፤
ሐሙስ ዝግ መሆኑን
ለመቶ ሰው በስልክ ከምለፈልፈው።»

በአንደኛው ሳምንት የይለፍ ቃሉ ጠፋ።
በሁለተኛው፣ ፎቶው ተገልብጦ በሩ በአናቱ ተደፋ።
በሦስተኛው ሳምንት «ገጽታ» የሚሉት ገባው፦
«ሣጥኑን ቀባነው እንጂ ድምፁ ያው የፊቱ ነው» አለ፤
እኔም ለሌላው ሁሉ፣ ከሱ ሰርቄ፣ እንዲሁ ነው የማስረዳው።

በአራተኛው ሳምንት ተሰኪ ማውረድ ለመደና
እንደ ሕፃን ከረሜላ ያግበሰብሰው ጀመር እንደገና፦
አንዱ ካርታ ያሳያል፣ አንዱ በረዶ ያዘንባል፣
አንዱ ሰዓት ይቆጥራል፣ አንዱ ምን እንደሚሠራ እግዜር ያውቃል።
አሥራ ሰባት ሲሞላ «አዘምን» የሚለውን ነካ፤
ገጹ ነጭ ሆነ።
ቃል የለ፣ በር የለ፣ ነጥብ እንኳ።

ጠቅ አደረግኩ፣ ነጭ። አጥፍቼ አበራሁ፣ ነጭ።
«ሰርቨሩ ነው» ልል ነበር፤ ውሸቱ ከአፌ ደርሷል፣ ተሰናድቷል፤
ግን ሌላ ቃል ወጣኝ፤ «አላውቅም» አልኩኝ፣
«ትናንት ያነበብኩት እዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ጨለመብኝ።»

ሲኞራ ኢዮሌ ከረሜላ መላጧን አቆመች፤
አታሚዋም እንኳ ያን ጊዜ አላሳለች።

ናዛሬኖ ወንበሩን ሳብ አደረገ።
«አኮርዲዮን ሲታመም» አለኝ፣ «አንዱ ምላስ ሳይጠሩት ያፏጫል፤
ምላሱ መቶ፣ ሁለት መቶ ነው፤ የቱ እንደሆነ በግምት ማን ያውቃል?
ወናፉን እየሳብኩ አንድ በአንድ ነው የማፍነው፤
ፉጨቱ ሲቆም፣ ጥፋተኛው ከጣቴ ሥር ያለው ነው።
ይሄስ የጓዳ በር አለው?»

አለው። ገባን በፋይሎቹ ማኅደር፤
የአንዱን ተሰኪ ስም ማጥፋት፣ ገጹን ማየት፣ መልሶ መስደር።
ካርታው አይደለም። ሰዓቱም አይደለም።
ያ እግዜር ብቻ የሚያውቀውም አይደለም።
ዘጠነኛው ላይ፣ በረዶ አዝናቢው ሲታፈን፣
በሩ ብቅ አለ፣ ዋጋው ብቅ አለ፣
«ሐሙስ ዝግ ነን።»

ሰው ይጠይቀኛል፦ ጀማሪ ይችለዋል ወይ?
እኔ እንጃ። ጀማሪ የምትሉት ማንኛችንን ነው?
እሱ ዛሬም የይለፍ ቃሉን ከአኮርዲዮን ክዳን ሥር ነው የሚጽፈው፤
እኔም ሰኞ ማታ አላንቀላፋሁ።
ማስታወቂያውን ግን ነካካሁት፤ «ሳይፈራ» የሚለውን ሰረዝኩ፣
ስድስቱን ሳምንት ስምንት አደረግኩ።

ደግሞ ባለፈው ሐሙስ ስልኩ ጮኸ አሉ፤
ከሩቅ አገር አንድ ሰው፣ ገጹን አይቶ፣ ወድዶት፣
«ዛሬ ክፍት ነው ወይ?» ብሎ ሊጠይቀው።