ሁለት ደቂቃ በኦኩናሺ

ባቡሬ አንድ ፉርጎ ነው፤ ሾፌሩም ትኬት ቆራጩም እኔ፤
ዋሻውን ወጥቼ የሩዙን ማሳ ስዞር ብቅ ትላለች ከጎኔ፦
ከጎተራ ያነሰች የእንጨት ቤት፣
ጣውላዋ በዝናብ የጠቆረ፣ ጣሪያዋ ዝገት።
ኦኩናሺ።
"ሁለት ደቂቃ ቁም" ይላል ደንቡ፤
ሰው ቢኖር፣ ባይኖር፣ በረዶው ቢደርስም እስከ ግንቡ።

በእኛ ሙያ ዓይን ብቻውን አይታመንም፤
ጣት ይቀሰራል፣ አፍ ይመሰክራል፤ አይቶ ዝም የለም።
"ምልክት፦ አረንጓዴ!" "ሰዓት፦ አንድ ከአርባ!"
ሰሚዬ ቁራ ነው፤ እሱም ቸኩሏል፣ ጫካው ሊገባ።

ፉሳኤን የማውቃት በዚህችው ቁራጭ ጊዜ ነው፤
ስምንት ዓመት ጧት ማታ፣ ቢደመር ሳምንት የማይሞላው።
ባሏ የጣቢያው የመጨረሻ ሹም ነበር፤
የትኬቱ መስኮት በጣውላ ሲመታ ኮፍያውን ሰቀለ፤
ሁለት ክረምት አልዘለቀም።
እሷ ግን፣ በሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ ማንም ሳይቀጥራት፣
ከጠጠሩ መሃል ሣር ትነቅላለች፣ ጉልበቷ እያመማት።

ከበሩ ጥግ የቆርቆሮ ባልዲ አለ፤ ጃንጥላ የቆመበት፤
በእጇ ጽፋ ለጥፋለች፦
"ሲዘንብ ውሰድ፤ ሲያባራ መልስ።"
አምስት ነበሩ አሉ። እኔ ከመምጣቴ በፊት
ቀዩ እንደወጣ ቀረ።
ማን እንደወሰደው ታውቃለች ይላሉ፤ እኔ አልጠየቅኋትም።
ስትቆጥር ግን ሰምቻታለሁ፦ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት"፤
ከዚያ ዝም። ጣቷ ብቻ ባዶውን ቦታ ይነካል።

ዘንድሮ ደብዳቤ መጣ፤ መጋቢት ሲያልቅ መስመሩ ይዘጋል።
ተሳፋሪ በቀን ሦስት፤ ናፍጣው ከትኬቱ ይበልጣል።
አልተከራከርኩም። ሒሳቡ ልክ ነው።

አራት ቀን ሲቀረን፣ ማታ፣ ፉርጎውን ስጠርግ
ከኋላ ወንበር ሥር አገኘሁት፤
ቀለሙ ደብዝዟል፣ የተሰበረው ሽቦ በሌላ ሽቦ ታስሯል፣
ከእጀታው ላይ ወረቀት፦
"ለኦኩናሺ። ይቅርታ፤
ዝናቡ አላባራልኝም ነበር።"

ጧት በመስኮት አቀበልኳት።
አላለቀሰችም።
በጠራ ሰማይ ሥር ዘረጋችው፤ አዞረችው፤
ስፌቱን በጥፍሯ ፈተነችው፤
"እህ፣ ክረምቱ ረዝሞበት ነዋ" አለች፣
አጥፋም ከአራቱ መሃል አቆመችው።

አሥራ አንድ ሰከንድ ዘገየሁ።
መዝገቡ "ምክንያት" ይላል፤ "ጃንጥላ" ብዬ ጻፍኩ።
ከዚያ በፊት ግን፣ ፍሬኑን ሳልለቅ፣
"በር፦ ተዘግቷል! ምልክት፦ አረንጓዴ!" ብዬ፣
ደንብ የማያውቀውን ጨመርኩ፤
ጣቴን ወደ ባልዲው ቀስሬ፣ እሷ እንድትሰማኝ ጮኼ፦
"ጃንጥላ፦ አምስት!"