ቅጠል የፍየል ነው

የመዝገቡ ጸሐፊ እኔ ነኝ፦ ማን ውኃ እንደቀዳ፣
ማን ተራውን እንደዘለለ፣ ማን የዘር እንዳለበት ዕዳ።
ኡላንባታር፣ ከኮረብታው ሥር፣ አጥር ከአጥር በተጣበቀበት ሰፈር፣
የከሰሉ ጭስ ሰማዩን እንደ ድስት ቂጥ ሲያጠቁር፣
አሥራ ሁለት ቤተሰብ አዋጥተን ያቆምናት፣
ጀርባዋን ጡብ፣ ፊቷን ላስቲክ አልብሰን ለፀሐይ የሰጠናት፣
አንዲት ቤት አለችን።

እዚህ ብርዱን ዘጠኝ ቀን፣ ዘጠኝ ቀን እያልን ነው የምንቆጥረው፤
ሦስተኛው ዘጠኝ ነው የወይፈን ቀንድ የሚሰብረው።
አራተኛው ይብሳል።
«በጥር ቆስጣ?» ብሎ ያልሳቀብን የለም፤
የውኃ ቦቴው ሾፌር ሳይቀር «ደግ ነው» አለ፣ «ህልም ቀረጥ የለውም»።

ዱልማ ናት ያስተማረችን፣ የዳቦ ፋብሪካ ጡረተኛ፣
ቃሏን እንደ ሊጥ የምታሽ፣ በሰዓት ላይ ኃይለኛ።
በርሜሎቹን ጥቁር ቀብተን ውኃ ሞላን፤ ቀን ፀሐይ ይጠጣሉ፣
ሌሊት ያንኑ ሙቀት ለሥሩ መልሰው ይሰጣሉ።
ሲመሽ ላስቲኩን በተራ ባና እናለብሳለን፣
ሲነጋ እንደ ሕፃን ፊት ቀስ ብለን እንገልጣለን።
ኖሚን፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ በአይስክሬም እንጨት ላይ ትጽፋለች፦
«ቆስጣ»፣ «ሰላጣ»፣ «ሽንኩርት»፤ አንዱ ላይ ግን «አላውቅም» ብላለች፤
የዘሩ ስም ጠፍቶን ነው። እስከ ዛሬም
«አላውቅም» እየተባለ ይበላል።

ከሳቁብን ሁሉ የጼረንዶርጅ ሳቅ ሌላ ነበር፤
ሰባት መቶ በግና ፍየል ነበረው፤ ዛሬ አንድ ውሻና አንድ አጥር።
ዙድ የሚሉት ነጩ ብርድ በአንድ ሌሊት አልጨረሰበትም፤
ቀን በቀን ቀነሰበት፤ ማታ የቆጠረው ጠዋት አልሞላለትም።
በመጨረሻ ክቡን የሱፍ ቤቱን ጠቅልሎ፣ በመኪና ጭኖ፣
መጣ። ጎረቤታችን ሆነ፣ በገዛ ግቢው እንግዳ ሆኖ።
«ቅጠልማ የፍየል ነው» አለን፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ፤
«ፍየል ቅጠሉን፣ እኔ ፍየሏን፤ ሰው ምን ያገኛል ከዚህ አትርፎ?»
ፍየል እንደሌለው ግን ማንም አላነሳበትም።

በሦስተኛው ዘጠኝ፣ ያን ሌሊት፣ ተራው የእኔ ነበር።
ንፋሱ ከሰሜን መጣ፤ ሁለት ባና ነጥቆን በረረ ከአጥር አጥር።
ከዜሮ በታች ሠላሳ ስድስት።
መብራት ጠፍቷል። ከሰሉ አንድ ጣሳ ቀርቶታል።
የቆስጣው ጠርዝ እንደ ብርጭቆ መጥራት ጀምሮታል።
በር አንኳኳሁ፤ አልጋ ልብስ መጣ፣ ምንጣፍ መጣ፣
የአንዱ የሠርግ ካፖርት ሳይቀር ከሳጥን ወጣ፤
የሰሜኑ ጎን ግን ራቁቱን ቀረ።
የእሱን በር አላንኳኳሁም።

ገመድ ሲፈታ ሰማሁ፣ የፈረስ ጭራ ገመድ።
ጼረንዶርጅ ነው፣ ጨረቃዋ በረዶው ላይ ስትነድ፣
የቤቱን የላይኛውን ሱፍ ያወርዳል፣ ለብቻ።
ያ ሱፍ የሰባት መቶዎቹ ነው። የቀረው እሱ ብቻ።

ተሸክሞ መጣ፤ ወደ እኔ አላየም፤
አለበሳት፤ የእኛን ቋጠሮ ግን አላመነም፣
ፈትቶ በራሱ አሰረው። ገባ። ከበርሜሎቹ መካከል
ግልገል በሚወለድበት ሰሞን እንደሚቀመጥ ሰው ተቀመጠ።
በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው፣ አንድ በአንድ።
ሲነጋ ደግሞ ቆጠረ።
ሦስት ሰላጣ ጎደለ።
ሌላው ሞላ።

ዱልማ ምንም አላለችም፤ አንድ ቆስጣ ቀጥፋ ሰጠችው።
አኘከ፤ ቆየ፤ ጢሙ ላይ የቀለጠው ጤዛ ወረደ፤
«ለካስ» አለ፣ «ፍየሎቼ ያውቁ ኖሯል።»

በመዝገቡ ላይ «አንድ ሱፍ፣ ገቢ» ብዬ ጻፍኩ፤
የሚመለስበትን ቀን ዓምድ ባዶ ተውኩ።
ሰላጣ ግን እስከ ዛሬ አይበላም።
«ውኃ ነው» ይላል።