ስምንት ፍሬ

ቱሉ ዲምቱ ዳር፣ ቅዳሜ ማለዳ፣
ባዶ ሆድ ተሰልፏል በደም መቅጃው ጓዳ።
"ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ ቁርስ በልተሃል?" ስለው፣
"ይሄን ጾም እኮ እህቴ፣ ቄስም አላወጀው"
ብሎ ሳቀ ቦንሳ። እናቱ ጎን ሆና፦
"ደልቶት ነው፣ ሥጋ ነው፤ ምን አመመውና?
እኔ ስከሳ ጊዜ ማን መጥቶ ለካና!"

ሁለት ዓይነት ብልቃጥ፣ አንድ ዓይነት ኪኒን፤
አንዱ የኮሌስትሮል መድኃኒት ሲሆን
አንዱ ዱቄት ብቻ። የቱ የማን እንደሆን
እሱም እኔም አናውቅ፤ ታሽጓል በካርቶን።

ገልብጬ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።
ስምንት ፍሬ ጎድሏል።
"ደርበህ ዋጥክ እንዴ?"
ዝም አለ።
ጫማውን አየ።

"አባቴ... የሲኖትራኩ ሹፌር፣
ደረቱን ጨብጦ ቁጭ ብሎ ሲያድር፣
ለልብም ይበጃል ስላልሽኝ
አንድ አንድ አካፈልኩት። እንዳትቆጪኝ።"

ቅጹ ላይ "ምክንያት" የምትል ጠባብ መስመር አለች፤
እስክሪብቶዬ እሷ ላይ ደርሳ ደረቀች።
"ተሻለው?" አልኩት፣ መጠየቅ ሳይገባኝ።
"ስምንት ሌሊት ተኛ" አለኝ።

ቅጹ ላይ ጻፍኩ፦ "የጎደለ፣ ስምንት።"
መዳፌ ላይ፦ "አባቱ። ሰኞ። በሁለት ሰዓት።"