ቀይ ምልክት

እናቴ ጥሩአየሁ ወድቃ አልተሰበረች፤
ተሰብራ ነው እንጂ፣ ኋላ የወደቀች።
ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከኪራይ ቤት ደጃፍ፣
አንድ እግሯን ስታነሣ ደረጃውን ልታልፍ፣
ሰማሁት ዳሌዋን፦
ቀጭ!
ደረቅ ደንገል ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚል።

እኔ ሌሊት ሌሊት ከማይክሮስኮፕ ሥር
አጥንት በሊታውን አያለሁ ሲፈጠር።
ሲጀምር በሊታ አይደለም፤ ምስኪን ነው፤
ደም ለደም የሚዞር፣ ሥራ የጠፋው፤
እንደ ቀን ሠራተኛ ጎህ ሳይቀድ አካፋ ይዞ
አስፋልት ዳር እንደሚቆም፣ ግንቡን ተመርኩዞ።

ከዚያ ኢንዛይም ይመጣል። መቀስ ነው ባጭሩ።
ይቆርጣል፤ ይፈታል መልእክቱን ከእስሩ፤
«ስምንት ሰው! ዐሥር ሰው! ኑ!» ይላል፤ ይጠራል፤
አጥር የነበረው ገላቸው ይሟሟል፤
በአንድ ቆዳ ውስጥ ዐሥር አስኳል ያድራል።
አሁን ስም አወጣ። አጥንቱን አቅፎ፣
ከንፈሩን አትሞ፣ አሲዱን አርከፍክፎ፣
ይበላል።

ቀለም ጠብ ሳደርግበት ኢንዛይሙ ይቀላል፤
የት እንዳደፈጠ ራሱ ይናገራል።
ይህን ቀይ አውቀዋለሁ።
ከማዘጋጃ ቤት ሦስት ሰዎች መጥተው
የጭቃ ቤታችንን በብሩሽ አቁስለው
ኤክስ አርገው የሄዱት ይኸው ቀለም ነው።
ሦስት ቀን ፈተገችው በአመድ፣ በእንዶድ፤
አለ እንጂ፣ የት ሊሄድ።
አፍራሽ ግብረ ኃይሉ ሲመጣ ሐሙስ ለት
ይርሳውም አብሮ ነው፤ የጎረቤት ልጅ፣ እጇ ላይ ያደገው፤
ቀና ብሎ አላያት።
ክፉ ልጅ አልነበረም።
ተጠራ። ተቀላቀለ። ዶማ ሆነ።

ልጠላው ያምረኛል። ግን አንድ ፊልም አለ፣
ከመርዓዊ የመጣ የአምስት ወር ሕፃን፤
ኢንዛይም ጎድሎበት አፍራሹ ሰነፈ።
አጥንቱ ነጭ፣ ድፍን፣ እንደ ታሸገ በር፤
ለመቅኔው ቦታ የለ፣ ለዓይኑ ነርቭ ቀዳዳ።
ፀሐይ ከጣና ላይ ስትወጣ
እናቱ ወደ መስኮት ታዞረዋለች።
አያይም።
የማይፈርስ ቤት ውስጥ ተወለደ።

መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እምቢ አለ።
ከፈለገ ሕይወት፣ አልጋ ዐሥራ አራት፣
ስገባ ነቅታለች፤ ዳሌዋ ላይ ብረት።
«ያ ይርሳው» አለችኝ፣ «ደህና ሥራ አገኘ ወይ?»

ከመስኮቱ ማዶ ሐይቁ ደለሉን ይልሳል።
«አግኝቷል፣ እማዬ» አልኳት፤
«ሌሊትም አያርፍ።»