የቋሚ ስም

ማይኩ ከድንኳን አከራይ ነው የመጣ፣
ወንፊቱ ግንባሩ ላይ ጎድጉዶ፣
የስንት ሰርግ ምርቃት፣ የስንት ሚዜ ምራቅ ወስዶ።
ከገመዱ ጫፍ ሦስት ጥርስ፤
የላፕቶፔ ቀዳዳ አንድ፣ ያውም ምስር የማትጎርስ።
«ልጄ፣ ይሄ ለዚያ እንዴት ሆኖ ይገባል?»
አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ፣ ካልጋዬ ጠርዝ ተቀምጠው፣
የእድሩን ጥሩምባ በጋዜጣ ጠቅልለው
ጉልበታቸው ላይ አጋድመው።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በእሪ በከንቱ ቁልቁለት፣
ከውሻም ከወፍም በፊት
የሟች ስም በጉሯሯቸው በር ለበር ሲዞር የኖረ፤
አሁን መርዶው በቴሌግራም ሆነ፣
በጥሩምባው አፍ ሸረሪት አደረ፤
ሰፈሩም ቀይ ቀለም ተቀባ፣ በየበሩ ተቆጠረ፤
ከፋሲካ ማግስት ማን ወዴት እንደሚሄድ
የሚያውቅ የለም፣ ከዝርዝሩ በቀር።

ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ኪያር ሱቅ ገባሁ፤
ሦስቱን ወደ አንድ የምታጠብ ገመድ በዱቤ አመጣሁ።
ሰካሁ። «በሉ ጋሼ» አልኩ።
ተነሡ። ደረታቸውን ነፉ፣
«ስማ! ያልሰማህ ስማ!»
ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣
የጓሮ በር ተከፈተ፤
ሐረገወይን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሮጣ ወጣች፣
«ኧረ ማን ሞተ?» አለች።
ማንም።
ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር ብቻ
እንደ ተሰናበተ ልብ ቀጥ ብላ ተኝታለች።
ድምፁን እስከ ጥጉ ብገፋው
የመጣልኝ ሹሹታ፣ የሐምሌ ዝናብ፣
ከሥሩ አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ ከወንዝ ማዶ የሚጣራ።
እዚሁ ተወልጄ፣ የሰፈሬን ስም ትርጉም
ያን ቀን ከስክሪን አነበብኩት።

ኪያር ራሱ መጣ፣ ትንሽ ሳጥን በብብቱ ይዞ።
«ዳይናሚክ ነው ይሄ» አለ፣ ማይኩን እንደ እንቁላል እየመዘነ፣
«ኮረንቲ ለምኖ አያውቅም፣ ከራሱ ነው የሚወልድ።
ትንፋሽ ስሷን ቆዳ ይመታል፣
የመዳብ ጥቅሉ ማግኔት ወገብ ላይ ይወዛወዛል፣
የሚወጣው ግን ኢምንት፣ የጉንዳን ደመወዝ።
ላፕቶፕ ደግሞ ለኢምንት ጆሮ የለውም።
መሃል አማላጅ ይግባ፣ ሳውንድ ካርድ።
ይቺን አርባ ስምንት የምትል ቁልፍ ተያት፣ የሌላ ዘር ናት።
ጌይኑን ብቻ፣ ቀስ እያልሽ፤
አረንጓዴው ቢጫ ሊል ሲል ተይው።»

ሦስቱ ጥርስ ቀጭ ብሎ ገባ።
መስመሯ ነቃች። ግን ከሥሯ ዝዝዝ፣
ጠርሙስ ውስጥ የቀረ ዝንብ።
ኪያር ጎንበስ ብሎ ቻርጀሩን ነቀለ፤
ዝም።
ባትሪው አሥራ አንድ ፐርሰንት ይላል።

«አሁን ይቅረቡ ጋሼ። መጮህ አያስፈልግም፣
የሩቁን አይሰማም። ከከንፈር እስከ ወንፊት አራት ጣት።»
«አራት ጣት?» ፈገግ አሉ፤
«መርዶ ነጋሪ ከአጥር ውጭ ነው የሚቆም።
እንዲህ ተጠግቼ ለሚስቴም አውርቼ አላውቅ።»

ግን ተጠጉ። ከኪሳቸው የእድሩ መዝገብ፣
ጥጉ ዘይት የጠጣ።
ጣታቸውን በምላስ አርሰው
የሟቾቹን ገጽ አለፉ፤
በሹክሹክታም አይደል፣ በጩኸትም፣
የቋሚዎቹን ጀመሩ፦

«ወይዘሮ አሰገደች ጉርሙ። አሉ።
ባሻ ዘርጋው፣ የወፍጮ ቤቱ። አሉ።
ኑረዲን ልብስ ሰፊው፣ ከነባለቤቱ፣ ከነመንታዎቹ። አሉ።
ሐረገወይን፣ ቅድም ነጠላ ያዘቀዘቀችው። አለች።»
ውጭ ረዳቱ «አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ!» ይላል፣
ማይኩ አልሰማውም።
ዘጠኝ ፐርሰንት። ስድስት።
ከስም ኋላ ድምፃቸው ይሰናከላል፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የለመዱት ቃል ሌላ ነዋ፤
ሁለት ጊዜ «አረፉ» ሊሉ
ከ«አረ» ላይ ዋጡት።

ሦስት ፐርሰንት ላይ መዝገቡን ዘጉ።
«እርስዎስ ጋሼ?» አልኩ።
መልስ የለም። ስክሪኑ ጨለመ።

ሌሊት ቻርጀር ሰክቼ ከፈትኩት፤ ፋይሉ ተርፏል።
ከመጨረሻው ስም በኋላ
የኔ ጥያቄ፣ እንደ ሩቅ ጎረቤት፣
ረጅም ትንፋሽ፣
ከዚያ ቅርብ፣ በጣም ቅርብ፣
ጋዜጣ ሲፈታ።